መቃብሩ ባሕር የሆነ መርከበኛ

ባሕር ላይ የሰጠመ ሰው መቃብር የለውም። ታዲያ ዘመዶቹ የት ሄደው ያልቅሱለት?

የንግድ መርከበኛ ወታደር አይደለም። ስንዴ፣ ሥጋና የድንጋይ ከሰል ከአገር አገር የሚያደርስ ሠራተኛ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ግን የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች እያደኑ አሰጠሙ። አገሩ እህል እንዲያጣ ነው። ብዙ መርከበኛ ከነጭነቱ ቀረ።

በለንደን ከተማ፣ ታወር ሂል በሚባል ቦታ፣ መታሰቢያ አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያው ክፍል በ1928፣ ሁለተኛው በ1955 ተመረቀ። መቃብር የሌላቸው ወደ 36,000 የሚጠጉ መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች ስም ተጽፎበታል። ስሙ የተደረደረው በየመርከቡ ነው። አብረው የሰጠሙ አብረው ተጽፈዋል።

ከመርከበኞቹ አንዳንዶቹ ፍሪሜሰን የሚባል ማኅበር አባላት ነበሩ። አባላቱ «ወንድም» ይባባላሉ። አባል ሲሞት ሚስቱንና ልጆቹን ይረዳሉ። በዚህስ የእኛን እድር ይመስላል። ማኅበሩ በ1933 በለንደን ትልቅ አዳራሽ አስመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት ከ3,000 በላይ አባሎቹ መታሰቢያ ነው። የስማቸው ዝርዝርም እዚያው አለ። ስለዚህ የአንድ መርከበኛ ስም በሁለት ቦታ ሊነበብ ይችላል።

የልጅ ልጅ ይመጣል። ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። የአያቱን ስም ሲያገኝ ቀጥ ይላል። አጥንት ባይኖርም ስም አለ።

እናንተስ? ከዘመድ ከጎረቤት ርቆ ሄዶ ሳይቀበር የቀረ ማን አለ? ስሙን ዛሬ በደብተራችሁ ጻፉት። ከዚያም ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።