የቡናችንን ዘር ማን ይቁጠርልን?



ሆላንዶች በ1706 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከጃቫ የቡና ችግኝ አምጥተው እዚሁ አምስተርዳም፣ ሆርተስ በተባለው የዕፅዋት ስፍራ ተከሉ። ከዚያው ዘር አንዱን በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለ14ኛው ሉዊ በስጦታ ላኩ። የአሜሪካኖቹ አገሮች ቡና ብዙው የእነዚህ ጥቂት ችግኞች ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ በዘር ሲታይ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም ይጥላል።

ሰፊው ዘር የቀረው በቦንጋ፣ በያዩ፣ በሸኮና በሐረና ጫካ ነው። ጥቅሙን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1971 ፍሬውን እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከዚያው ከአገሩ ቡና ነው። 74110 የተባለው ዝርያ የመጣው ከመቱ አካባቢ ነው።

ታዲያ የትኛው ጫካ ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም። ቅጠሉ ተቀጥፎ ይደርቅና ዲ.ኤን.ኤ.ው ይወጣል። በዲ.ኤን.ኤ.ው ላይ ጥቂት ፊደላት እየተደጋገሙ የሚጻፉባቸው ቦታዎች አሉ፤ ድግግሞሹ ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ እንደ ምልክት ያገለግላል። በእነዚህ ምልክቶች የሐረናው ከቦንጋው ምን ያህል እንደሚራራቅ፣ የጓሮ ቡና ከጫካው ጋር መደባለቁም ይታወቃል። ዶክተር ካሳሁን ተስፋዬ በ2006 በጎረቤታችን በቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ በጫካ ቡና ላይ ነበር።

በየምግብ ቤቱ «ፈረንጅ ቅጠላችንን አይንካ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል፣ ሐሳባቸውን ግን አልቀበልም። ደብቀን ብናስቀምጠው መጥረቢያው አይምርልንም፤ ምን እንደነበረን ሳናውቅ ያልቃል። ይልቅ የሚያሳስበኝ ቆጠራውን የሚያካሂደውና መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው። የጤፍን ነገር አስታውሱ። በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠውን ፓተንት የዴን ሃግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ ሲያደርግ ሁላችን እልል አልን። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በችሎቱ አልነበረችም።

በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ከዘሩ ከሚገኘው ጥቅም ኅብረተሰቡ ድርሻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ድርሻውን ለመጠየቅ ግን ዘሩ ከየት ጫካ እንደወጣ በማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ማስረጃውም ምልክቱ ነው። እዚህ የምናሳድጋቸው ልጆች አብዛኞቹ ንግድና ኮምፒውተር ይመርጣሉ፣ ደግ ነው። ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱ ይህን ሙያ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቢማሩ፣ ከጅማ ሰዎች ጋር አብረው ቢሠሩስ? መንገዱ እንደሆነ በባቡር ኤደ ደርሶ በአውቶቡስ መቀጠል ነው።