የመዳብ ሥዕልና የሠሪው ድካም

በ18ኛው መቶ ዓመት በሎንዶን ከተማ ሥዕልን በመዳብ ቀርጾ ማተም ብርቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነበር። ቀራጺው፥ ምስሉ በወረቀት ላይ ግራው ቀኝ ሆኖ እንደሚወጣ እያሰበ፥ ሰሌዳውን በስለታም ብረት ይቀርጻል፤ ወይም አሲድ እንዲበላው ያደርጋል። ከዚያም መስመሮቹን በቀለም ሞልቶ፥ ከላይ የቀረውን ጠርጎ፥ እርጥብ ወረቀት ደርቦ በሁለት ከባድ መዳመጫዎች መካከል ያሳልፈዋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1732 ዓ.ም. ዊልያም ሆጋርት ከገጠር የመጣች የአንዲት ልጅን ውድቀት የሚያሳዩ 6 ሥዕሎች ቢያወጣ፥ ሌሎች አስመስለው እየቀረጹ በርካሽ ሸጡ። እርሱና የሙያ ባልንጀሮቹም ለፓርላማ አቤት ብለው፥ በ1735 ዓ.ም. የቀራጺውን መብት ለ14 ዓመት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ሆጋርት ቀጥሎ ያዘጋጃቸውን 8 ሥዕሎች ሕጉ እስኪጸና ድረስ ሳያወጣ ቆየ።

ምናልባት፥ «እንዲህ ያለው ሕግ መልካሙን ትምህርት ከድኻ ያርቃል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ብዙው ሰው ሥዕሉን በሱቅ መስኮት ቆሞ ከማየት በቀር መግዛት አይችልም ነበርና። ነገር ግን በ1751 ዓ.ም. ይኸው ሠዓሊ የአረቄን ጥፋት የሚገልጸውን ሥዕል ለተራው ሕዝብ እንዲዳረስ ሲል ዋጋውን ዝቅ አድርጎ በ1 ሺሊንግ ሸጠ። ድካሙ የተጠበቀለት ሰው በፈቃዱ መለገስ ይችላል፤ የተዘረፈ ግን ምን ይሰጣል?

ስለዚህ የሌላውን ሥራ የሚገለብጥ ሁሉ አስቀድሞ የሠሪውን ስም ይጻፍ፥ ፈቃዱንም ይጠይቅ። ዕውቀት ይስፋ ማለት፥ ሠሪው ይራብ ማለት አይደለምና።