የሁለት ሰው ሥራ፣ የአንድ ሰው ደመወዝ

የለቪዮን ቤልን ታሪክ ብዙ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ “14.5 ሚሊዮን ዶላር አልፈልግም ብሎ ቤቱ የተቀመጠው ሞኝ!” እየተባለ ሲሳቅበት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም አንድ ወጣት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የቤል ስም እንደ መቀጣጫ ይነሣል። እኔ ግን ሰውዬው ሞኝ አልነበረም እላለሁ። የሚያስገርመው፣ አንድን ሠራተኛ የሁለት ሰው ሥራ አሠርቶ የአንድ ሰው ዋጋ መክፈልን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበለው ሳቂ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ግድ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር ስም እንጂ ጠባይ አይጋራም። ኳሱ በእጅ ይያዛል፤ ርቀቱም በያርድ ይለካል፤ አንድ ያርድ ከሜትር በጥቂቱ ያንሳል። ኳርተርባክ የሚሉት መሪ ኳሱን ወይ ለተቀባዮች አርቆ ይወረውራል፣ ወይ በቅርብ ለሚገኘው ራኒንግ ባክ በእጁ ያቀብላል። ራኒንግ ባክ ኳሱን ታቅፎ ከመቶ ኪሎ በላይ በሚመዝኑ ግዙፎች መካከል መንገድ ይሰነጥቃል። በአንድ ጨዋታ ሃያ ጊዜ ወድቆ ሃያ ጊዜ ይነሣል። ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው “አረጀ” ይሉታል።

ከእነዚህ ሯጮች መካከል አልፎ አልፎ የተቀባዩንም ሥራ አጣምሮ የሚችል ይወጣል። በአንድ የውድድር ዘመን ሮጦም ሺህ፣ ተቀብሎም ሺህ ያርድ ማስመዝገብ የቻሉት እስከ 2019 ድረስ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሮጀር ክሬግ በ1985፣ ማርሻል ፎልክ በ1999፣ ክርስቲያን ማካፍሪ በ2019። ቤልም ከዚህ ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ በ2014 ሮጦ 1,361፣ ተቀብሎ 854 ያርድ አስመዘገበ።

ቤል በ1992 በኦሃዮ ግዛት ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልተሻሙበትም። ዕድል የሰጠው ሚሺጋን ስቴት ነው፤ እዚያም በ2012 ብቻ 382 ጊዜ ኳስ ተሸክሞ 1,793 ያርድ ሮጠ። በ2013 ፒትስበርግ ስቲለርስ በሁለተኛው ዙር፣ በ48ኛ ተራ መረጠው። የአዲስ ተጫዋች የአራት ዓመት ውል ዋጋው በተመረጠበት ተራ የሚወሰን ነው፤ ተጫዋቹ ከዚያ በኋላ ተራራ ቢንድም ደመወዙ ያው ነው።

አሯሯጡ የራሱ ነበር። ሌላው ኳስ ሲይዝ እንደ ጥይት ሲወረወር፣ ቤል ግን ከጓደኞቹ ጀርባ ቆም ይላል፤ ያያል፤ ይጠብቃል፤ ክፍተቷ ስትከፈት ሾልኮ ይወጣል። ፍጥነት በሚመለክበት ጨዋታ ትዕግሥትን መሣሪያ አደረገ። ጻድቅ ነበር አልልም። በ2015 እና በ2016 ከዕፅ ደንብ ጋር በተያያዘ ከጨዋታ ታግዷል። ይህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቅጣቱንም ተቀብሎ ጨርሷል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ሊጉ ከ1993 ጀምሮ “ፍራንቻይዝ ታግ” የሚባል ደንብ አለው። ክለቡ ውሉ ካለቀበት ተጫዋች አንዱን መርጦ ለአንድ ዓመት ማስቀረት ይችላል። ዋጋው የሚሰላው በዚያ የጨዋታ ቦታ ከፍተኛ ከሚከፈላቸው ደመወዝ ተነሥቶ ነው። በዚህ ደንብ ቤል በ2017 በ12.1 ሚሊዮን ዶላር ተጫወተ። በዚያ ዓመት 321 ጊዜ ኳስ ተሸክሞ ሮጠ፤ 85 ጊዜ ደግሞ ተቀበለ። በድምሩ 406 ጊዜ መሆኑ ነው። በሊጉ ውስጥ ከእርሱ የበለጠ የተሸከመ አልነበረም።

በ2018 ክለቡ ደንቡን ደገመበት። ልብ በሉ፤ ደንቡ “ምን ሠራህ?” አይልም፤ “ስምህ በየትኛው መዝገብ ነው?” ይላል። በዚያ ዓመት የተቀባይ ዋጋ 16 ሚሊዮን ያህል ሲሆን የራኒንግ ባክ 12 ሚሊዮን ያህል ነበር። ቤል 14.5 ሚሊዮን የደረሰው ደንቡ ሲደጋገም 20 በመቶ ስለሚጨመር ብቻ ነው። እርሱ የጠየቀው ቀላል ነገር ነው፤ ሯጭም ተቀባይም አድርጋችሁ ታሠሩኛላችሁና ለሁለቱም ክፈሉኝ። እምቢ ሲሉት አልፈረመም። የ2018ን የውድድር ዘመን በሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። መንገድ የሚጠርጉለት የፊት መስመር ጓደኞቹ በጋዜጠኞች ፊት ወረዱበት፤ አንዱም ከእኔ ሰባት እጥፍ የሚያገኝ ሰው ነው ሲል አማረረ። በኅዳር፣ እንደማይመለስ ሲረጋገጥ፣ የልብስ ሣጥኑን ከፍተው ጫማውን ተከፋፈሉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ያ መንገድ ጠራጊ ደመወዙ አንሶት ከሆነ፣ ያሳነሰው ቤል ነውን? ቤል የተወው ገንዘብ በክለቡ ካዝና ቀረ እንጂ ለእርሱ አልተሰጠውም።

“ሚሊዮን የሚቆጥር ሰው ምን ብሶት አለው?” የሚሉም አሉ። ጥያቄው ግን ሰውየው ተራበ ወይስ ጠገበ አይደለም። በላቡ የመጣው ሀብት ለማን ይገባል ነው ጥያቄው። በሚሊዮን ሲሆን ዓይን አፍጥጦ ይታያል እንጂ፣ በመቶ ብርም ቢሆን ፍርዱ አንድ ነው።

“ለአምስት ዓመት 70 ሚሊዮን ያህል ቀርቦለት እምቢ አለ” የሚለው ክስ ደግሞ አለ። በሰፊው የተዘገበ ነው። ይሁንና በዚህ ሊግ አብዛኛው የውል ገንዘብ ዋስትና የለውም፤ ክለቡ ባሻው ጊዜ ተጫዋቹን አሰናብቶ የቀረውን ይሰርዘዋል። ለጋዜጣ የሚነገረው ቁጥርና ኪስ የሚገባው ቁጥር የተለያዩ ናቸው።

“ተተኪው ጄምስ ኮነር ያለ እርሱ አሳምሮ ተጫውቷል” ይሉኛል። እውነት ነው። በዚያው ዓመት ኮከቦች ከሚመረጡበት ቡድን ገብቷል። ግን ታሪኩን ለምን ከመካከል ይቆርጡታል? ሳያጉረመርም ያገለገለው ያ ታማኝ ልጅ የመጀመሪያ ውሉ ሲያልቅ ፒትስበርግ ለቀቀው። በ2021 ወደ አሪዞና የሄደው በ1.75 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ዓመት ውል ነው። የእምቢተኛው ዋጋ ተዘበተበት፤ የታዛዡ ዋጋ ግን ይኸው ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ቤል ግን በ2019 ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር የአራት ዓመት፣ የ52.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በጨዋታ አልቀናውም፤ በ2019 ሮጦ ያገኘው 789 ያርድ ብቻ ነበር። በጥቅምት 2020 አሰናበቱት። ከዚያም ከክለብ ክለብ ዞሮ ዝናው ከሰመ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና “ይበለው!” ያለው ብዙ ነው። ሆኖም አስቀድሞ ዋስትና ያለው ገንዘብ በመጠየቁ፣ ከዚያ ከከሸፈ ቆይታ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ወጥቷል። የጉልበት ሥራ እንደሚያልቅ አውቆ ነበር። የሎስ አንጀለሱ ቶድ ገርሊ በ2018 የ57.5 ሚሊዮን ውል ፈርሞ፣ ጉልበቱ ሲከዳው በ2020፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ተሰናብቷል።

ቤል ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ባጋለጠው ነበር። ጊዜ ያጋለጠው ግን ደንቡን ነው። በ2023 የራኒንግ ባክ ታግ 10.1 ሚሊዮን ሲሆን የተቀባይ 19.7 ሚሊዮን ደረሰ። ቤል በ2017 ከተቀበለው 12.1 ሚሊዮን እንኳ አነሰ! በዚያ በጋ ስመ ጥሮቹ ራኒንግ ባኮች በኢንተርኔት ተሰብስበው መከሩ። ሲስቁበት የነበረው ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ሆነ። ከእነዚያ አንዱ ሴኮን ባርክሊ በ2024 ኒው ዮርክ ጃያንትስን ለቆ ፊላደልፊያ ገባ። በዚያው የውድድር ዘመን 2,005 ያርድ ሮጦ ዋንጫ በላ። በመጋቢት 2025 በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ የሚያስገኝ ውል ተፈረመለት። ገበያው ሲከፈትለት ዋጋው ታየ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ዓመታት ቀድሞ ብቻውን የቆመውን ሰው ሞኝ የምንል ከሆነ፣ ጎበዝ የምንለው ጭነቱ ሲደረብበት ጎንበስ ብሎ የሚቀበለውን ነው ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤል ያጣው አንድ የውድድር ዘመን ነው፤ ያነሣው ጥያቄ ግን ሁለት ሥራ ደርቦ የሚሠራ ሁሉ አንድ ቀን አሠሪውን ሊጠይቀው የሚገባ ነው።