ጄኔራሉ ውሃውን እስኪቀምሱት

ወታደር አዛዡን ማመን ሲያቆም እኛ አገር ለጉዳዩ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለን። ከላይ የተቀመጡት «የዲሲፕሊን ጉድለት» ይሉታል። ማዶ ያሉት «ሠራዊቱ ሊፈርስ ነው» ብለው እጃቸውን ያሻሻሉ። እኔ ሪፖርት ነው እላለሁ። መንግሥት ስለ ጦሩ ከሚደርሱት ወረቀቶች ሁሉ በየእርከኑ ያልተከረከመው፣ ለአለቃ ጆሮ እንዲመች ያልተቀባባው ይኸው የወታደሩ ጥርጣሬ ነው። እሱን የሚቀጣ መንግሥት የሚያጠፋው ወሬውን ነው፤ ችግሩ እዚያው ይቀመጣል።

ስለ የትኛው ጄኔራል ነው የምታወራው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ስለ በርካቶች ነው፤ ስማቸውን እየጠራሁ እሄዳለሁ።

ከሜክሲኮ ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን ባቡር ብትይዙ ለገሃርንና ስታዲየምን አልፋችሁ መሿለኪያ ትደርሳላችሁ። እዚያ አካባቢ ሰዉ እስከ ዛሬ «አራተኛ ክፍለ ጦር» የሚለው ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳት ሲጠራው በየቀኑ እንሰማለን፤ ለብዙዎቻችን የፌርማታ ስም ሆኖ ቀርቷል። ሰኔ 21 ቀን 1966 ከየጦር ክፍሉ ተመርጠው የመጡ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው ደርግን ያቋቋሙት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የገዛን መንግሥት ከሜክሲኮ ሦስት ፌርማታ ላይ ተወለደ ማለት ነው።

የተጸነሰው ግን ነገሌ ቦረና ነው፤ ያውም በውሃ ምክንያት።

ጥር 1966። ነገሌ በረሃ ነው፣ ድንበር ነው፣ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነው። እዚያ የሠፈረው ብርጌድ ተራ ወታደር የሚጠቀምበት የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ግን ይሠራል። ወታደሩ ከዚያ እንቅዳ ሲል ተከለከለ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። አቤት አሉ። ወደ ላይ የሄደ አቤቱታ በየጠረጴዛው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ በዚህ አገር ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማወቅ ወታደር መሆን አያስፈልግም። በመጨረሻ ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን አሰሩ።

ጃንሆይ ጉዳዩን እንዲያዩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው። እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነሱ የሚጠጡትን ውሃ አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

ይህ ታሪክ ሲወራ ሰው ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጥቷል። ነገር ግን የጠየቁትን ነገር ልብ በሉ። ጄኔራሉ ሥልጣን ይልቀቁ አላሉም፤ ይቅመሱ ነው ያሉት። አንድ የምድር ጦር አዛዥ ወታደሩ ምን እንደሚጠጣ የሚያውቀው በወታደሩ ሲታሰር ብቻ ከሆነ፣ የዕዝ ሰንሰለት የሚባለው ነገር የሚሠራው ወደ ታች ብቻ ነበር። ትእዛዝ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ግን እውነት አይወጣም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረት እየወረደ እየወረደ ሻምበሉም ሻለቃውም ትንሽ ትንሽ ንጉሥ ሆነው ነበር።

ያኔ ቤተ መንግሥቱ አንድ ነገር ማድረግ ይችል ነበር። ጥፋተኛ መኮንኖችን በግልጽ መጠየቅ፣ ፓምፑን ጠግኖ በሌሎቹ ሰፈሮች ያለውንም ማየት። ነገሩን በሽፍንፍን ማለፍ ተመረጠ። ወሬው ግን በራሱ በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተከተለ፤ የካቲት 18 ቀን የአሥመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሳ። ደመወዝ ተጨመረ፤ አልበቃም፤ ጥያቄው ከደመወዝ አልፎ ሄዶ ነበርና። የካቲት ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወደቀ። ከነገሌው ጉድጓድ እስከዚያ ሁለት ወር አልሞላም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ቆርጠው «ጀግናው ወታደር ሥርዓት ገረሰሰ» ብለው የሚያጨበጭቡ አሉ። ቀጥሉ እንጂ! የዚያ ወታደር ጥርጣሬ ትክክል ነበር። የሚሄድበት ሕጋዊ መንገድ ስላልነበረው ግን በጠመንጃ ሄደ። በጠመንጃ የሚሄድ ጥያቄ ደግሞ ጠያቂው እጅ አይቆይም፤ ከመካከላቸው ከሁሉ ጨካኙ ይረከበዋል። ያለ ደም ለውጥ እናመጣለን ያሉት ሰዎች ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ወደ ስልሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸኑ። ያንን ውሃ የቀመሱት ድረሴ ዱባለም ከተረሸኑት አንዱ ናቸው። የውሃ ፓምፕ ባለመጠገኑ ሰው ይጠየቃል፤ በዚህ ግን አይረሸንም።

በዚያችው ሌሊት ጄኔራል አማን አንዶምም ቤታቸው በተኩስ ተገደሉ። ወታደሩ የሚወዳቸው አዛዥ ነበሩ፤ በ1956ቱ የሶማሊያ ጦርነት ሦስተኛ ክፍለ ጦርን መርተው «የበረሃው አንበሳ» የተባሉ። ደርግ ከፊት ያስቀመጣቸው በዚህ ስማቸው ነው። እንደማይታዘዙለት ሲያይ ደግሞ አጠፋቸው። ስለዚህ «መልካም አዛዥ ይስጠን» የሚለው ጸሎትም አያዋጣም። መልካሙ አዛዥ መጥቶ ነበር፤ የሚጠብቀው ሕግ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ። አዛዡን የጠየቀው ወታደር ራሱ አዛዥ ሆነ፤ መንግሥቱ ኃይለማርያም። ከታች የመጣ ሰው የታችኛውን ድምፅ ይሰማል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። ከእያንዳንዱ አዛዥ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው ተቀመጠ። የጦር ሜዳውን የሚያውቀው አዛዥ አንድ ነገር ይላል፤ ካድሬው ሌላ ነገር ወደ ላይ ይጽፋል። ቤተ መንግሥት የሚታመነው የካድሬው ነው።

ናደው ዕዝ ኤርትራ ውስጥ፣ አፋቤት ላይ ነበር። አዛዡ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ከወታደሩ ጋር ለዓመታት የኖሩ፣ ሁኔታው አሳስቧቸው ለአለቆቻቸው የተናገሩ ሰው ነበሩ። የካቲት 1980 መንግሥቱ አሥመራ ሄደ፤ ጄኔራሉን አስረሸነ። ይህ ለወታደሩ የተላለፈ መልእክት ነው፤ ወታደሩም በሚገባ አነበበው። እውነት የሚናገር አዛዥ እንዲህ ከሆነ፣ ከእሱ በታች ያለ ሻለቃ ምን ብሎ ይጽፋል? «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ ነዋ።

አንድ ወር ገደማ አለፈ። ከመጋቢት 8 እስከ 11 ቀን 1980 ባለው ጊዜ አፋቤት ወደቀች፤ ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ሦስት የሶቪየት መኮንኖች ሳይቀሩ ተማረኩ። በጠባብ ሸለቆ ተቆልፎ የቀረውን ኮንቮይ ከነታንኩ ለጠላት እንዳይተርፍ የራሱ አየር ኃይል ደበደበው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ባዝል ዴቪድሰን ውጊያውን ፈረንሳዮች ቬትናም ላይ ከተሸነፉበት ከዲየን ቢየን ፉ ጋር አነጻጸረው። የሻዕቢያን ብርታት አላሳንስም። ግን አንድ አገር ጦሩን የሚያምነውን አዛዥ በገዛ እጁ ገድሎ፣ በወሩ ያ ጦር ለምን አልቆመም ብሎ ሲገረም ምን ይባላል?

ግንቦት 8 ቀን 1981 ደግሞ ጄኔራሎቹ ራሳቸው ተነሱ፤ መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረራ ላይ ሳለ። ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ጄኔራል አምሃ ደስታ አዲስ አበባ ሞቱ። ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊትን የሚመሩት ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ፤ የገደሏቸው የራሳችን ወታደሮች ናቸው። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። እዚህ ላይ ወታደሩ መንግሥቱን ይጠራጠራል፣ ጄኔራሎቹንም ይጠራጠራል፤ ማንም ማንንም አያምንም። ከዚያ በኋላ የቀረው ጦር ለሁለት ዓመት በልማድ ቆመ እንጂ በእምነት አልቆመም። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ አገር ጥሎ ሄደ። ያ ሁሉ ወታደር ግን መሄጃ አልነበረውም። ማዕረጉን ቀዶ፣ ባዶ እግሩን በከተማው መንገድ ሲለምን ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ። በየታክሲ ተራው ተራ ሲያስከብር ያረጀ የቀድሞ ሠራዊት አባል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ወታደር አዛዡን መጠየቅ ከጀመረ ሠራዊት አይኖርም» የሚለው ክርክር ይመጣል። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ጥይት በሚጮህበት ሰዓት ጉባኤ አይጠራም። ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ የሆነውን እዩ። በ1917 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጄኔራል ኒቬል የጀርመንን መሥመር በሁለት ቀን እሰብራለሁ ብሎ ቃል ገባ። ብዙው ወታደር አመነው፤ ታዞም ወጣ። መሥመሩ አልተሰበረም፤ ሰው ረገፈ። ከዚያ ከጦሩ ግማሽ የሚሆኑት ክፍለ ጦሮች ውስጥ እምቢታ ተነሳ። ምሽጋችንን እንጠብቃለን፣ ለከንቱ ማጥቃት ግን አንወጣም አሉ። መንግሥት ኒቬልን አንሥቶ ፔታንን ሾመ። ፔታን የዋህ አልነበረም፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ወታደሮች ተረሽነዋል። ግን ከንቱውን ማጥቃት አስቆመ፣ በየክፍሉ እየዞረ አነጋገረ፣ ምግቡን አሻሻለ፣ ፈቃድ እንዲሰጥ አደረገ። ያ ጦር አልፈረሰም፤ በዓመቱ ከአሸናፊዎቹ አንዱ ሆነ። እኛ ታሪኩን ረሽነን አፋቤትን አጣን። እነሱ አዛዥ ቀይረው ጦሩን አተረፉ።

ዛሬስ? የወታደር ቪዲዮ በቲክቶክ ወይም በዩቲዩብ ሲወጣ የምናደርገውን እናውቃለን። ስለ ስንቅ፣ ስለ ቅያሪ፣ ስለ ሞተ ጓዱ ቤተሰብ የሚያወራ አንድ ልጅ ይታያል። ግማሹ «ከሃዲ ነው፣ ይቀጣ» ይላል። ግማሹ ውጭ አገር ሶፋው ላይ ተቀምጦ «አለቀላቸው!» እያለ ርዕስ ይሰጠዋል፤ ማስታወቂያ ያስገባበታል። ልጁ በማግስቱ ምን እንደሚገጥመው የሚያስብ የለም። ሁለታችሁም እየነገደባችሁበት ነው፤ አንዱ በፖለቲካ፣ ሌላው በቪው።

መንገዱ እኮ ይታወቃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን፣ ሠራዊቱም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ ይሁን ይላል። ጥሩ ነው። ግን ተራው ወታደር አለቃውን ዘሎ ማን ጋ ይሂድ? እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ሲቋቋም በአዋጁ ውስጥ የመከላከያ ክፍሎች ብሔራዊ ደኅንነትንና መከላከያን በተመለከተ የሰጡት ውሳኔ ከሥልጣኑ ውጭ ተደርጓል። ይህ አጥር ሲተረጎም ሰፋ ይላል፤ የተበላሸ ምግብም «የመከላከያ ጉዳይ» ሊባል ይችላል። ጀርመኖች በሂትለር ዘመን ጦር ያዩትን አይተው፣ አዲሱን ጦራቸውን ሲያቋቁሙ በፓርላማው ሥር ለወታደሮች ብቻ የሚሠራ እንባ ጠባቂ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ጻፉ። ማንኛውም ወታደር በዕዝ ሰንሰለቱ ሳያልፍ በቀጥታ ይጽፍለታል። በየዓመቱ ሪፖርት ለፓርላማ ይቀርባል፤ ጋዜጣው ያነበዋል፣ ጄኔራሉም ያነበዋል። የውጊያ ትእዛዝ ለድምፅ የሚቀርብበት ነገር የለውም። ስለ ቦቲ ጫማው፣ ስለ ሰፈሩ ሽንት ቤት፣ ስለሚሳደብ አለቃ፣ ስለተከለከለ ፈቃድ ነው።

የኛ ምክር ቤት የውጭ ግንኙነትና የመከላከያ ጉዳዮችን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ አለው። እንዲህ ያለ አዋጅ ለማርቀቅ የሚከለክለው ነገር የለም። ምርጫ ሲመጣ ለድምፃችሁ የሚመጣውን ሰው ስለ ኮብልስቶን ብቻ አትጠይቁት፤ ይህንንም ጠይቁት።

በዚህ ቻናል ውስጥ የቀድሞም የአሁንም ሠራዊት አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከታች ስትጽፉ ስማችሁን፣ ክፍላችሁን፣ ያላችሁበትን ቦታ አታስገቡ፤ ያስገባ ካለ አጠፋዋለሁ። ስለ በደላችሁ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ አቤቱታ አስገብታችሁ ሳትቀጡ መልስ ያገኛችሁበት ቀን ካለ፣ ያ እንዴት እንደሆነና አለቃው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ።