የቤተሰብ ፎቶ በስሙ ይጠራ

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የምንወያየው በየቤታችን ስላለ፣ ነገር ግን ብዙም ትኩረት ስለማንሰጠው አንድ ንብረት ነው። ይኸውም በሞባይላችን፣ በፍላሻችንና በኮምፒዩተራችን ውስጥ ተከማችቶ ስለሚገኘው የቤተሰብ ፎቶ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ አንድ ቤተሰብ በዓመት ውስጥ የሚነሣው ፎቶ በጣት የሚቆጠር ነበር። ለዒድ ፎቶ ቤት ተኪዶ አንድ ሁለት፣ ለኒካሕ ጥቂት፣ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ አንድ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ያህል ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ ሰው ቆጥቦ ይነሣ ነበር። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣም ጀርባው ላይ ስም፣ ቀንና «ለማስታወሻ» የሚል ቃል በእስክሪብቶ ይሰፍርበታል። ዛሬ ከሣጥን ውስጥ የወጣን አሮጌ ፎቶ ገልብጠን «ይህ እገሌ ነው» ለማለት የምንችለው በዚያች የጀርባ ጽሑፍ ምክንያት ነው።

አሁን ግን በአንድ የዒድ ቀን ብቻ ከአንድ ቤት በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ይወጣል። ዲጂታል ፎቶ ደግሞ ጀርባ የለውም። ስሙም ካሜራው የሰጠው ቁጥር ነው፤ በብዙ ካሜራዎች ላይ ቁጥሩ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። በዋትስአፕ የደረሰን ፎቶ ስሙ ላይ ቀን ይይዛል፤ ዳሩ ግን ቀኑ ወደ እኛ የደረሰበት እንጂ ፎቶው የተነሣበት አይደለም። በዚህ ላይ በየሳምንቱ የሚጎርፈው የ«ጁሙዓ ሙባረክ» ምስል ከአያታችን ፎቶ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱን ፎቶ ለማግኘት ጣት እስኪዝል መፈለግ ግድ ይሆናል።

ለዚህ ችግር ሁነኛው መፍትሔ «ቁልፍ ቃል» የሚባለው ነው። ቁልፍ ቃል ማለት በፎቶው ፋይል ውስጥ የሚጻፍ አጭር መለያ ሲሆን፣ ምስሉን አይነካውም። በኋላ ያንኑ ቃል ጽፈን ስንፈልግ ኮምፒዩተሩ ቃሉ ያለባቸውን ፎቶዎች ሁሉ ሰብስቦ ያቀርብልናል። በአጭሩ፣ ጀርባ ለሌለው ፎቶ ጀርባ እንሠራለታለን ማለት ነው።

ካሜራው የሚያውቀውና የማያውቀው

ካሜራ ፎቶ ሲያነሣ አንዳንድ ነገሮችን ራሱ መዝግቦ ያስቀምጣል። ይህ የአመዘጋገብ ደንብ «ኤግዚፍ» ይባላል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የካሜራውን ዓይነት ይይዛል፤ የሞባይሉ የቦታ መጠቆሚያ ክፍት ከሆነም ቦታውን ይመዘግባል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሥራ ከተሠራ እኛ ለምን እንደክማለን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል።

መልሱ ግልጽ ነው። ካሜራው ነጭ ሻሽ ያደረጉት አሮጊት የአባታችን እናት ይሁኑ ጎረቤት አያውቅም። የዘመኑ ሞባይሎች ተመሳሳይ ፊቶችን ለይተው አንድ ላይ ያሰባስባሉ። ይሁን እንጂ ስሙንና ዝምድናውን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

ቀኑም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የካሜራው ቀን የሚቆጠረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የሒጅራ ዓመት ደግሞ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ በዓላችን በየዓመቱ ወደፊት ይመጣል። ለምሳሌ በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት አረፋ ውሏል፤ አንዱ በጃንዋሪ 10፣ ሌላው በዲሴምበር መጨረሻ። «2006» ብሎ ፎልደር የከፈተ ሰው የሁለት በዓል ፎቶ አንድ ላይ ቀላቅሎ አስቀምጧል። በእኛ አቆጣጠር ከሄድን የመጀመሪያው በጥር 1998 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። በሒጅራ ሲሆን 1426 እና 1427 ይሆናሉ። በመሆኑም ለበዓል ፎቶ «አረፋ 1427 ሒ.» የሚል አንድ ቁልፍ ቃል ቢጻፍ ሦስቱን አቆጣጠር ከማጋጨት ያድናል። «አረፋ» ብለን ስንፈልግ ደግሞ የዓመታቱ ሁሉ አረፋ ከያለበት ተሰብስቦ ይመጣል።

ከሣጥን አውጥተን በሞባይል የምንቀዳው አሮጌ ፎቶማ ከዚህ የባሰ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያየው የተቀዳበትን ቀን ስለሆነ የ1960ዎቹን ሠርግ የትናንት ያደርገዋል። ትክክለኛው ዓመት የማይታወቅ ከሆነ «1960ዎቹ ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ፎቶውን ስትቀዱ ጀርባውንም አብራችሁ ቅዱ፤ የእጅ ጽሑፉና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ራሱ ማስረጃ ነው።

አምስት ጥያቄዎች

ቁልፍ ቃል ማብዛት አያስፈልግም። ለአንድ ፎቶ ከአምስት እስከ ሰባት ቃል ከበቂ በላይ ነው። ቃላቱን ለመምረጥም የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ማን? በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ስም። ሁለተኛ፣ የት? ከተማው ወይም ቀበሌው፤ ከታወቀም ቤቱ፣ መስጊዱ ወይም ትምህርት ቤቱ። ሦስተኛ፣ ምን? ኒካሕ፣ ዒድ፣ ዐቂቃ፣ ምረቃ፣ የሐጅ ሽኝት። አራተኛ፣ መቼ? ከላይ እንደተባለው ካሜራው በማያውቀው አቆጣጠር። አምስተኛ፣ ከማን ተገኘ? ፎቶው ከአክስት ሣጥን የወጣ ከሆነ ዋናው በእርሷ ዘንድ መኖሩ ይጻፍ፤ አንድ ቀን የሚፈልገው ሰው ይኖራልና።

«ቆንጆ»፣ «ደስታ»፣ «ትዝታ» የመሳሰሉት ቃላት ግን ለፍለጋ አይረዱም። የቤተሰብ ፎቶ ሁሉ ትዝታ ነው፤ ሁሉን የሚመለከት ቃል ደግሞ አንዱን ከሌላው አይለይም።

አንድ ሰው፣ አንድ አጻጻፍ

እዚህ ላይ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ለዓይናችን «ሐረር» እና «ሀረር» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ዒድ» ብሎ የጻፈ ሰው «ኢድ» ብሎ ቢፈልግ ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም። «ሙሐመድ»፣ «መሐመድ»፣ «ሞሀመድ» የሚሉት አጻጻፎችም አንዱን ሰው ሦስት ያደርጉታል። ስለሆነም ከሥራው በፊት አንድ ደብተር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በደብተሩ ላይ የሰዎቹ፣ የቦታዎቹና የበዓላቱ ስም አንድ ጊዜ ብቻ በአንድ አጻጻፍ ይሰፍራል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያንኑ ይከተላል። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ልጆች ካሉም የእነርሱ አጻጻፍ ከጎኑ ይቀመጥ።

ሌላው ችግር የሞክሼ ጉዳይ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት አሕመድና አራት ፋጡማ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ አዲስ ችግር እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የሐዲሥ ሊቃውንት አንድ ስም የሚጋሩ ዘጋቢዎችን ለመለየት ብዙ ደክመዋል። በ463 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ «አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት ስማቸው አንድ ሆኖ ሰዎቹ የተለያዩ የሆኑትን ለመለየት ነበር። ሊቃውንቱ ሰውን የሚለዩት በአባቱ፣ በአያቱ፣ በኩንያውና በአገሩ ነበር። እኛም «አሕመድ» ብቻ ብለን አንተወው። የአባቱንና የአያቱን ስም እንጨምር፤ ካልበቃም «የደሴው»፣ «የጅማው» እንበል። «አጎቴ» ወይም «እማዬ» ብሎ መጻፍም አይበቃም። ለእናንተ አጎት የሆነው ሰው ለልጃችሁ አጎት አይደለም፤ ቃሉን የሚያነበው ደግሞ ልጃችሁ ነው።

ቃሉ ከፎቶው ጋር ይጓዝ

ቁልፍ ቃል የት ይጻፍ? የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ቃሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። በርካታ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ፒካሳ የተባለ የፎቶ ፕሮግራም ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሞታል። ሰዎች በፒካሳ የሠሯቸው አልበሞች በፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ የነበሩ ሲሆን፣ በጄፔግ ፎቶ ፋይሎች ውስጥ የተጻፉት ቁልፍ ቃላት ግን ዛሬም በሌላ ፕሮግራም ይነበባሉ። እንደዚሁም ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥን በጁን 2021 እ.ኤ.አ. አስቀርቷል። ከዚህ የምንማረው የሰው ቤት ሁልጊዜም የሰው ቤት መሆኑን ነው።

በፋይሉ ውስጥ ለመጻፍ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ፎቶው ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ዲቴይልስ» የሚለውን መክፈትና «ታግስ» በሚለው መስመር ላይ መጻፍ ነው። የአንድ በዓል ሃምሳ ፎቶዎችን አንድ ላይ መርጦ የበዓሉንና የቦታውን ስም በአንድ ጊዜ መስጠትም ይቻላል፤ የየሰዉ ስም ብቻ ተለይቶ ይቀራል። ሁለተኛው ዲጂካም የሚባለው ፕሮግራም ነው። በነፃ የሚገኝ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቃላቱን በፋይሎቹ ውስጥ እንዲጽፍ ማዘዛችሁን አረጋግጡ።

ዋትስአፕና ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ያሳንሱታል፤ በውስጡ የተጻፈውንም ያስቀሩታል። በጅዳ ወይም በዱባይ ላለች እኅታችሁ ፎቶውን ከነስሙ ለመላክ ከፈለጋችሁ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ። ፎቶዎቹንም በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። አንድ ቅጂ በኮምፒዩተር፣ አንድ በሀርድ ዲስክ፣ ሌላው ደግሞ በሌላ ዘመድ ቤት ቢሆን ስርቆትም ሆነ እሳት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያጠፋም።

ገመና ይጠበቅ

ቃሉ ከፎቶው ጋር የሚጓዝ መሆኑ ጥቅም እንዳለው ሁሉ አደጋም አለው። ፎቶውን ለማናውቀው ሰው ስንሰጥ ስምና የቤት አቅጣጫ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከዚህም በላይ በሠርግ ቤት በሴቶች በኩል የተነሡ፣ እኅቶቻችን ያለ ሒጃብ የሚታዩባቸው ፎቶዎች አሉ። እነዚህ በእጃችን ያሉ አማና ናቸው። ስለዚህ ከስም ሁሉ በፊት «ለቤት ብቻ» የሚል ቁልፍ ቃል ይሰጣቸው። ይህ ቃል በራሱ ቁልፍ ሆኖ ፎቶውን አይዘጋውም። ነገር ግን አልበም ስናዘጋጅ ወይም ለዘመድ ስናከፋፍል በዚህ ቃል ፈልገን እነዚያን ፎቶዎች አስቀድመን ለይተን እንድናወጣ ይረዳናል። ባለፎቶዋንም መጠየቅ ይገባል፤ «አጥፉልኝ» ካለች ማጥፋቱ መብቷን መጠበቅ ነው።

የሚያውቁት ሳያልፉ

ውድ አንባቢያን፣ ከሁሉም የሚያስቸኩለው ይህ ነው። ኮምፒዩተር ቢበላሽ ይጠገናል፤ ሀርድ ዲስክ ቢሞላ ሌላ ይገዛል። በአሮጌው ፎቶ ላይ ከግራ ሦስተኛ የቆሙት ሰው ማን እንደሆኑ የሚያውቁት አንዲት አያት ብቻ ከሆኑ ግን፣ እርሳቸው ወደ አኼራ ሲሄዱ ያ ሰው ሁለተኛ ይሞታል። ፎቶው አለ፤ ሰውየው ግን «አንድ ሽማግሌ» ሆነው ይቀራሉ።

ስለሆነም ሥራውን ከትናንት ፎቶ ሳይሆን ከጥንቱ ጀምሩ። ማንነታቸው ላልታወቀ ሰዎች ፎቶ «ይጠየቅ» የሚል ቁልፍ ቃል ስጡ። ከዚያም በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዐሥር ሶላት በኋላ ቢሆን መልካም ነው፣ ሃያ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አያታችሁ ዘንድ ተቀመጡ። ከሃያ በላይ ያደክማቸዋል። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን በሞባይል ቅዱ፤ ስም ፍለጋ የተጀመረው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ታሪክ ይዞ ይመጣልና። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ስም ቢሰጡ አትከራከሯቸው፤ ሁለቱንም ጻፉና ማን እንደተናገረ ጨምሩ። መልሱ የተገኘለት ፎቶ ላይ ያለው «ይጠየቅ» ይሰረዝና በምትኩ ስሙ ይግባ።

በዚህ ሥራ ወጣቶቻችን ትልቅ ድርሻ አላቸው። መጻፉን እነርሱ ያውቁበታል፤ ስሙን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን አይጨርሰውም። ወላጆቻቸው በስደት አገር የሚያሳድጓቸው ልጆች አያቶቻቸውን የሚያውቁት በፎቶ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ዛሬ የምንጽፋት አንዲት ስም ለእነርሱ የዘር ሐረጋቸው መያዣ ናት።

ያለፈውን በየሳምንቱ ሃያ ሃያ እያደረግን ስንሄድ፣ የሚመጣውን ደግሞ አናጠራቅም። የሚቀጥለውን ዒድ ፎቶ በሳምንቱ ውስጥ ለዩት፤ የደበዘዘውንና የተደጋገመውን አጥፉ፤ ለቀረው ስሙን ስጡት።

አላህ ሥራችሁን ያግራላችሁ፤ ሽማግሌዎቻችንንም ያቆይልን።