ቀጠሮው ያለፈበትን ማን ይጠይቀዋል?

በገበያ ቀን ጧት የደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ከየአቅጣጫው ሰው ይገባባታል። የቆላው ከአባይ ወገን ፍየሉን እየነዳ ሽቅብ ይወጣል፤ የደጋው ገብሱን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ከሰሞኑ በአንድ ጤና ተቋም በረንዳ ላይ ዘመድ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከዚህ ገበያተኛ ብዙው በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ይዞ እንደሚመጣ አስተዋልኩ። በፌስታል የተጠቀለለ ካርድ ከብብቱ ያወጣል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ክትትል አለበት። የሚሸጥ ነገር ያላገኘ ዕለት ለመድኃኒቱ ብቻ ብሎ ያንን ዳገት አይወጣም።

ተራ የደረሳቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ወጣቱ ነርስ ካርዳቸውን ገለጠና፣ «እማማ፣ ባለፈው ቀጠሮ ቀሩብኝ እኮ፤ ደኅና ኖት?» አላቸው።

«ደኅና ነኝ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ። ተሽሎኝ ነው የቀረሁት፤ ራሴንም አላመመኝ። ደሞ አጨዳው ደረሰ።»

ደም ግፊታቸውን ለካ። ጥቂት አቆየና ደግሞ ለካቸው። ቁጥሩን ሲጽፍ ፊቱ ላይ ሥጋት እንጂ ቁጣ አላየሁም። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ሕመሙ ባይሰማቸውም ኩላሊታቸውንና ልባቸውን ውስጥ ውስጡን እንደሚጎዳ፣ ኪኒኑ ተሽሏቸው እንዲቆዩም ጭምር የሚዋጥ መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ውጭ ወረፋው ረዝሟል፤ እሱ ግን አልቸኮለም። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለው ብሂል ለሕክምናም ይሠራል። ያን ፊት ያላገኘ ሕመምተኛ በሚቀጥለው ወር አይመለስም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ደም ግፊት ላይ ግን የሚደበቀው በሽታው ራሱ ነው፣ ያውም ከባለቤቱ። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ከመቶው ወደ 16ቱ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። ያው ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ከአቦል እስከ በረካ ቡናን በጨው ለምንጠጣ ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ ነው?

ሳይታከም የቀረ ግፊት ሰውን በስትሮክ ሲጥል በቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባወራው አንድ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው መጀመሪያ በሬ ይሸጣል። በአቀስታ በኩል እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሕክምናው በፊት የመኪናው፣ የአስታማሚው፣ የማደሪያው ወጪ አለ። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ትልቋ ልጅ ትምህርቷን ትታ አባቷን ስታነሣና ስታጥብ ትውላለች። ይህን ሁሉ ሊያስቀር ይችል የነበረው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ዋጋውም ከበሬው ጋር አይወዳደርም።

ይህን ቀደም ብለው ያዩ ሐኪሞች በአገራችን አሉ። በ1990ዎቹ በጎንደር እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ በጅማ እነ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ፣ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ካስተማሩት ከብሪታኒያዊው ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው ክትትሉን ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዱት። ነርሶችን አሠለጠኑ፤ ሐኪሞች በየጊዜው እየወረዱ የነርሶቹን ሥራ ያዩ፣ ያግዙ ነበር። በገጠሩ ጎልቶ የወጣውም ተደብቆ የኖረው የሚጥል በሽታ ሆነ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ቀደም ብለው ቡታጅራ ላይ ባደረጉት ጥናት ከ1,000 ሰው አምስት ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም መድኃኒት እንዳልጀመሩ አሳይተው ነበር። ምድጃ ላይ ወድቃ የተቃጠለች ልጅ የማያውቅ ማን አለ? ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም አያቋርጡ። ካህናቱና ሼሆቹ ይህችን አንድ ቃል ከዐውደ ምሕረትና ከመስጊድ ቢናገሯት ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ወረቀት ሁሉ ትበልጣለች።

ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ለገጠር ሰው አይሆንም እንዳንል ደግሞ በዓይናችን ያየነው አለ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ስሙ ይለያል፣ ይደወልለታል፣ ቤቱ ድረስ ይፈለጋል። ሕመሙ ለረጋለት የወራት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ለስኳሩና ለግፊቱ ሕመምተኛ ይህ የማይደረገው ለምንድን ነው? እኚያን እናት አጨዳው እንዳበቃ የጠራቸው አልነበረም፤ የመጡት ገበያ ስላላቸው ነው።

ባለሙያዎቹን ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ነርሱ ሠልጥኖ፣ ሥራውን ለምዶ፣ ሰዉ ሲያምነው ይዛወራል። የስኳር መለኪያው አለ፣ ስትሪፑ ያልቃል። ደቡብ ወሎ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ቀደምት ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ የራሳችን ተሁለደሬ ነበር። ነገር ግን መዋጮውን የከፈለ ገበሬ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ከተባለ መድኅኑ ምኑ ላይ ነው? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴው ትልቁ ሆስፒታል ተዘርፎ እስከዚያ የሄደ ሕመምተኛ ባዶ እጁን እንዴት እንደተመለሰ አንረሳውም። ዛሬም መንገድ በተዘጋ ቁጥር መጀመሪያ የምናስበው ስለ ዘይትና ስኳር ዋጋ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠበት በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለእነዚህ ልጆች የሚሆን መጠባበቂያ በየወረዳው ይቀመጥ ብሎ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ ነው ወይ?

መካነ ሰላም ሆስፒታል አላት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ግቢ አላት። ስለዚህ ከባዶ አንጀምርም። በወረዳችን የሪፖርት ስብሰባ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት በጤና ተቋም ወለደች የሚለው ይነበብልናል፤ ደግ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ በስኳር፣ በደም ግፊትና በሚጥል በሽታ ክትትል ላይ ስንት ሰው እንዳለ፣ ባለፈው ወር ስንቶቹ እንደቀሩ፣ ከቀሩትም ስንቶቹ ተደውሎላቸው ወይም ቤታቸው ድረስ ተሂዶ እንደተጠየቁ ይነበብልን።