አረንጓዴ ኩሬ ሁሉ ጠላት አይደለም

የበጋ መስኖ በሚካሄድባቸው አካባቢዎች የኩሬ ውኃ ማረንጎድ ሲጀምር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ቢጨመርበት ይጠፋል?» የሚል ነው። ሊቀድም የሚገባው ግን «አረንጓዴው ነገር ምንድን ነው? ምንስ እያገኘ አደገ?» የሚለው ነው። ምንነቱ ሳይታወቅ ኬሚካል ገዝቶ ኩሬ ውስጥ መድፋት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው፤ ገንዘቡም ይወጣል፣ ውኃውም ይጎዳል።

ዋቅላሚ ወይም አልጌ በሚል በአንድ ስም የሚጠራው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ከአረንጓዴዎቹ የጨዋማ አልባ ውኃ ዋቅላሚዎች አንዱ ካራ ይባላል። ከኩሬ ግርጌ ይበቅላል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሣር ይመስላል፤ ሲዳስሱት ይሻክራል፤ ሲጨምቁት ነጭ ሽንኩርት መሰል ሽታ አለው። ሻካራነቱ የመጣው ከኖራ ነው። ካራ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲያዘጋጅ ከውኃው ካርቦን ስለሚወስድ፣ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ወደ ጠጣር ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ ገላው ላይ ይጋገራል። በዚህ ጊዜ በውኃው ውስጥ ካለው ፎስፈረስ የተወሰነው አብሮ ይታሰርና ወደ ግርጌ ይወርዳል። ፎስፈረስ ሲቀንስ ደግሞ ውኃውን የሚያደፈርሱት ተንሳፋፊ ዋቅላሚዎች ምግብ ያጣሉ። በመሆኑም ካራ የበቀለበት ኩሬ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው።

ይህ የካልሲየምና የፎስፈረስ መጣበቅ ከሕዋሱ ውጭ ሲሆን ጥቅም ነው፤ በሕዋሱ ውስጥ ቢሆን ግን ሞት ነው። ሕዋስ ኃይሉን የሚያንቀሳቅሰው ፎስፌት ባላቸው ውህዶች ነው። ካልሲየም እንደልቡ ቢገባ ከፎስፌቱ ጋር ተጣብቆ ሥራውን ሁሉ ያቆመዋል። ስለዚህ በአንድ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ካልሲየም ባለው ውኃ ውስጥ የሚኖር ካራ፣ በሕዋሱ ሕያው ፈሳሽ ውስጥ የሚተወው ነፃ ካልሲየም በሊትር ከ0.01 ሚሊ ግራም በታች ነው። የተረፈውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ወይም በሕዋሱ መሐል ባለው ትልቅ ከረጢት ያከማቻል። ለዚህም ሌት ተቀን ኃይል ይከፍላል።

ይህ ዝቅተኛ መጠን ሌላም አገልግሎት አለው። ቤቱ ጸጥ ሲል ትንሽ ኮሽታ እንደሚሰማ ሁሉ፣ ካልሲየም ለጊዜው ትንሽ ከፍ ሲል ሕዋሱ እንደ መልእክት ይቆጥረዋል። የካራ አንድ ሕዋስ በርካታ ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲዞር በማጉያ መሣሪያ በግልጽ ይታያል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሕዋሱ ሲነካ ወይም በኤሌክትሪክ ሲነዘር ዝውውሩ ወዲያው ይቆማል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዊሊያምሰንና አሽሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጄሊፊሽ የተገኘ፣ ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን ተጠቅመው፣ ዝውውሩ ሲቆም በሕዋሱ ውስጥ ያለው ካልሲየም እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስንዴም ሆነ ባቄላ ብርድን፣ ድርቅንና ጨውን ለሕዋሶቻቸው የሚያሳውቁት በዚሁ በካልሲየም መልእክት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ካልሲየም መብዛቱ ሳይሆን በልኩና በቦታው መገኘቱ እንደሚያስፈልግ ነው። አሲዳማ መሬቱን በኖራ ያከመ አርሶ አደር ይህን በማሳው ያውቀዋል። ኖራ በልኩ ሲጨመር የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታል፤ አፈሩ ሳይመረመር ከልክ በላይ ሲበተን ግን መልሶ ያስረዋል። የኩሬው ጉዳይም እንዲሁ በምርመራ እንጂ በግምት ሊመራ አይገባም።

ለማረንጎድ መድኃኒት ተብሎ ስሙ የሚነሳው ኮፐር ሰልፌት ዋቅላሚን ይገድላል፤ መዳቡ የሕዋሱን ስስ ሽፋን ስለሚጎዳ ተጠብቆ የኖረው ሚዛን ይፈርሳል። ነገር ግን ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም። በአንድ ጊዜ የሞተው ሁሉ ሲበሰብስ በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣ ያለበት ኩሬ ከሆነ ዓሣው ያልቃል። ከመበስበሱ የተለቀቀው ፎስፈረስ ለቀጣዩ ማረንጎድ ቀለብ ይሆናል። መዳቡ ደግሞ አይበሰብስምና በደለሉ ውስጥ ይቀራል፤ ደለሉ ተጠርጎ ማሳ ላይ ሲበተን ወደ አፈሩ ይገባል።

«ታዲያ ፓምፕና የጠብታ መስኖ ቱቦ ሲደፍን ዝም ይባል?» የሚል ቅሬታ ሊነሳ ይችላል። ቅሬታው ተገቢ ነው። ክር መሰሉ ዋቅላሚ በእርግጥ ቱቦ ይደፍናል። መፍትሔው በእንጨት መንሽ እየሰበሰቡ ማውጣትና ወደ ኮምፖስት መጨመር፣ የፓምፑንም አፍ በማጣሪያ መሸፈን ነው። ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ኩሬ ከሆነ መንሹ እንዳይቀድደው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በጥብቅ ሊታይ የሚገባው ሌላ ነው። በውኃው ፊት ላይ እንደ ፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ብዙውን ጊዜ ዋቅላሚ ሳይሆን ሳይኖባክቴሪያ ነው። ከዚህ ወገን የሆነው መርዛማው ማይክሮሲስቲስ በቆቃ ሐይቅ መኖሩ በጥናት ተመዝግቧል። መርዙ ውኃውን በማፍላት አይጠፋም። ተህዋሱን በኬሚካል በጅምላ መግደልም በውስጡ የያዘውን መርዝ ወደ ውኃው ይለቅቀዋል። ለመጀመሪያ መለያ አንድ እንጨት ይበቃል፤ ተነክሮ ሲወጣ ክር ከተንጠለጠለበት ክር መሰሉ ዋቅላሚ፣ ቀለም የተቀባ ከመሰለ ሳይኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሆነ ከብቶችን ከኩሬው ማራቅ፣ ሰውም እንዳይጠጣና እንዳይዋኝበት ማድረግ፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ለነገ የሚባል አይደለም።

የማረንጎድ ምንጩ ግን ከኩሬው በላይ ነው። ከማሳ በጎርፍ የታጠበ ማዳበሪያና አፈር፣ ኩሬ ዳር የሚከማች የከብት እበት፣ እነዚህ ሳይገቱ ኩሬውን ማከም የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠግኑ ወለል እንደ መጥረግ ነው። ከኩሬው በላይ የሣር መከላከያ መትከል፣ በመግቢያው የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ መቆፈር፣ ከብቶች በገንዳ እንዲጠጡ ማድረግና ማዳበሪያን ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመበተን አርሶ አደሩ በእጁ ያለ ሥራ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ለኬሚካል ግዥ ከመፈረማቸው በፊት የኩሬው አረንጓዴ ምንነት ተለይቶ በጽሑፍ እንዲቀርብላቸው ሊጠይቁ ይገባል። በሪፖርታቸውም የተቆፈሩ ኩሬዎችን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከበላያቸው የተፋሰስ ሥራ የተሠራላቸውን ለይተው ሊያስቀምጡ ይገባል። ግርጌው ድረስ የሚታይ፣ ካራ የበቀለበት ኩሬ ያለው አርሶ አደር ግን ያለ ደመወዝ የሚሠራ ውኃ አጣሪ ቀጥሯልና እጁን ሊሰበስብለት ይገባል።